ቴክኖ፦ በካርት ሦስት የዓለም ሻምፒዮና፣ በፎርሙላ ዋን አንድ ነጥብ

ጥያቄ፦ «ከጓደኛዬ ጋር ተከራክረን መግባባት አልቻልንም። እርሱ እንደሚለው በ1960ዎቹ አንዲት ጣሊያናዊት ወንዶቹን ሁሉ አሸንፋ በካርት የዓለም ሻምፒዮን ሆናለች፤ ካርቷን የሠራው ፋብሪካ ደግሞ ኋላ ፎርሙላ ዋን ገብቶ ከስሯል። ለእኔ ተረት ይመስለኛል። እውነት ከሆነስ፣ ትንሹን ውድድር ያን ያህል የተቆጣጠረ ፋብሪካ በትልቁ እንዴት እንዲያ ይዋረዳል? በካርት ብልጫ ያስገኘለትስ ምን ነበር?»

ምላሽ፦

ጓደኛዎ የነገሩዎት በአብዛኛው እውነት ነው። ሴቲቱ ሱሳና ራጋኔሊ ትባላለች፤ ሻምፒዮን የሆነችው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1966 ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ፋብሪካው ሉቺያኖና ጃንፍራንኮ ፔደርዛኒ የተባሉ ወንድማማቾች በቦሎኛ ከተማ ያቋቋሙት ቴክኖ ነው። «ከስሯል» የሚለውን ግን እንዳለ አልቀበለውም። ቴክኖ ፎርሙላ ዋንን የተሰናበተው ከስፖንሰሩ ጋር ሆድና ጀርባ ሆኖ፣ ነጂውም ጥሎት ሄዶ ነው። ገንዘብ ያለቀበት ድርጅት ታሪክ ቢሆን ኖሮ በሁለት መስመር መልሼ ባረፍሁ ነበር።

እኔ በሙያዬ የሻሲ ሠራተኛ ነኝ፤ ብረት ቱቦ እቆርጣለሁ፣ እበይዳለሁ፣ የተጣመመ አቀናለሁ። ስለዚህ መልሴ ወደ ሻሲ ቢያደላ አይፍረዱብኝ፤ ደግሞም የቴክኖ ታሪክ ቁልፍ ያለው እዚያ ነው ብዬ አምናለሁ።

መጀመሪያ ካርት ስንል ምን ማለታችን እንደሆነ እንስማማ። ብዙ ሰው ካርት ሲባል በመዝናኛ ሥፍራ ልጆች እየተጋጩ የሚስቁበትን ተሽከርካሪ ያስባል። የውድድር ካርት ሌላ ነገር ነው፤ ከብረት ቱቦ የተበየደ፣ አንድ ሰው የሚቀመጥበት ትንሽ የውድድር ተሽከርካሪ ነው። የመጀመሪያውን ካርት በ1956 በካሊፎርኒያ የሠራው አርት ኢንግልስ ነው፤ ከርቲስ ክራፍት በተባለ ስመ ጥር የውድድር መኪና አምራች ዘንድ ይሠራ የነበረ ሰው ነው። የተጠቀመበት ሞተር ለሣር ማጨጃ የተሠራ ደካማ ሞተር ነበር። ጨዋታ ተብሎ የተጀመረው ነገር በጥቂት ዓመታት ውስጥ ፋብሪካዎችን ወለደ፤ ብዙም ሳይቆይ ወደ አውሮፓ ተሻገረ። በ1962 ዓለም አቀፉ የአውቶሞቢል ፌዴሬሽን የካርት ውድድርን የሚመራ ኮሚሽን አቋቋመ፤ በ1964 ደግሞ የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮና ተካሄደ።

ጣሊያኖች ወደዚህ ስፖርት የገቡት ተዘጋጅተው ነው። ከጦርነቱ በኋላ ሰሜን ጣሊያን በትናንሽ የሞተር ብስክሌት ፋብሪካዎች ተሞልቶ ነበር። ከዚያ ፊያት ርካሽ መኪና አመጣና የብስክሌቱን ገበያ ቀማ። ትንሽ ሞተር አሳምሮ መሥራት የሚያውቅ፣ ሥራው ግን የቀዘቀዘበት ባለሙያ በየከተማው ቀረ። ጆቫኒ ፓሪላ ከእነዚህ አንዱ ነው፤ በሚላኖ የሞተር ብስክሌት አምራች ነበር፣ ስሙ በካርት ዓለም የቀረው ግን በ100 ሲሲ ሞተሮቹ ነው። በብራዚላዊው የፎርሙላ ዋን ሻምፒዮን አየርተን ሴና ታሪክ ውስጥ ዲ.ኤ.ፒ. የሚባል የሚላኖ የካርት ቡድን ሰምተው ከሆነ፣ ያን ቡድን የሚመሩት ወንድማማቾችም የፓሪላን ስም የያዙ ናቸው። ሴና በ1979 እና በ1980 በዓለም ሻምፒዮናው ሁለተኛ የወጣው ለእነርሱ እየነዳ ነው፤ አንደኛ ሳይወጣ መቅረቱ እስከ መጨረሻው ይቆጨው ነበር ይባላል።

ወደ ፔደርዛኒዎች ልመለስ። ካርታቸው ከሌላው ካርት ለምን ይፈጥን እንደነበር ለመረዳት ካርት ኩርባ እንዴት እንደሚዞር ማወቅ ያስፈልጋል።

ካርት ባሌስትራ የለውም፤ ሞላ የለውም፤ አሞርዛተርም የለውም። በዚያ ዘመን የዓለም ሻምፒዮና የሚካሄድበት 100 ሲሲ ካርት ደግሞ ፍሪሲዮንም ካምቢዮም አልነበረውም፤ ሞተሩ በሰንሰለት በቀጥታ ከኋላው አክስል ጋር የታሰረ ስለነበር የሚነሳው በግፊ ነው። ከሁሉ በላይ ዲፈረንሻል የለውም። ሁለቱ የኋላ ጎማዎች በአንድ ወጥ ብረት ላይ ተተክለው እኩል ይዞራሉ። ተሽከርካሪ ሲታጠፍ የውስጠኛው ጎማ አጭር መንገድ፣ የውጭኛው ረጅም መንገድ መሄድ አለበት፤ መኪና ላይ ዲፈረንሻል የሚገጠመው ለዚህ ነው። ካርት ግን እኩል የሚዞሩ ጎማዎቹን ይዞ ኩርባ ሲገባ ሁለቱም መሬቱን እንደነከሱ ከቀሩ መሪው ቢዞርም ካርቱ እንቢ ብሎ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። መፍትሔው አንድ ነው፦ የውስጠኛውን የኋላ ጎማ ለቅጽበት ከመሬት ማንሳት።

የሚያነሳው ማን ነው? ሻሲው ራሱ ነው። የፊት ጎማዎቹ የተተከሉት ሆን ተብሎ ዘንበል ባለ ማዕዘን ስለሆነ መሪው ሲዞር የውስጠኛው የፊት ጎማ ወደ ታች ይገፋል። ጫናው በሰያፍ ወደ ውስጠኛው የፊት ጎማና ወደ ውጭኛው የኋላ ጎማ ይሄዳል፤ የብረት ቱቦዎቹ ይጠማዘዛሉ፤ የውስጠኛው የኋላ ጎማ በጥቂት ሚሊሜትር ይንሳፈፋል። ኩርባው ሲያልቅ ቱቦዎቹ ይፈታሉ፣ ጎማው ይመለሳል፣ ካርቱ ይወረወራል። ጎማው ቶሎ ካልተመለሰ ኃይል ይባክናል፤ ከጊዜው ቀድሞ ከተመለሰ ደግሞ ካርቱ በኩርባው መሐል ይታነቃል። የካርት ሠሪ ጥበብ ሁሉ ያለው በዚህች ቅጽበት ውስጥ ነው። የቱቦው ውፍረት፣ የመስቀለኛ ቱቦዎቹ ቦታ፣ ብየዳው የት እንደሚያርፍ፣ መቀመጫው በስንት ነጥብ እንደሚታሰር፤ አንዱ ሲነካ ሁሉም ጠባዩን ይለውጣል። ነጂው ራሱ ከካርቱ ጋር የሚመጣጠን ክብደት ስላለው የት እንደሚቀመጥም የሻሲው ሥራ አካል ነው።

በመጀመሪያዎቹ ካርቶች ሞተሩ የሚቀመጠው ከነጂው ጀርባ ነበር። ለመሥራት ይቀላል፤ ነገር ግን ክብደቱ ወደ ኋላ ይከማቻል፣ ፊቱ ይቀልላል፣ ከላይ የነገርኋችሁን የማንሳትና የመመለስ ሥራ ያበላሻል። ካይማኖ የተባለው የቴክኖ ካርት ሞተሩን ከነጂው ጎን፣ ከፊትና ከኋላ ጎማዎች መካከል አስቀመጠው። በአንድ ወገን የተጨመረውን ክብደት ለማመጣጠን መቀመጫው ወደ ሌላው ወገን ይሸሻል። ዛሬ ማንኛውንም የውድድር ካርት ቢያዩ ሞተሩን በነጂው ቀኝ፣ መቀመጫውን ከመሐል ወደ ግራ ሸሸት ብሎ ያገኙታል። ይህን አቀማመጥ ቴክኖ ብቻውን ፈለሰፈ ብዬ ከአሜሪካውያን ካርት ሠሪዎች ጋር ሙግት አልገጥምም፤ በዓለም ሻምፒዮና ያስከበረው ግን እርሱ ነው።

ውጤቱን እንይ። የ1964ቱን የመጀመሪያ የዓለም ሻምፒዮና ያሸነፈው ጊዶ ሳላ ነው፤ ሻሲው ቴክኖ፣ ሞተሩ ፓሪላ። በ1965ም ያው ሳላ፣ ያው ቴክኖ፣ ያው ፓሪላ። ሳላ በ1954 በሞንዛ የ125 ሲሲ የሞተር ብስክሌት ግራንድ ፕሪን ለኤም.ቪ. አጉስታ ያሸነፈ የቀድሞ ተወዳዳሪ ነው። ካርት ላይ ሲቀመጥ ብላቴና አልነበረም። ዛሬ ብዙዎቹ የካርት ሻምፒዮኖች ፂም ያላበቀሉ ልጆች ስለሆኑ ይህን የሚያውቅ ሰው ይገረማል፤ በዚያን ጊዜ ግን ካርት የአዋቂዎች ስፖርት ነበር፣ ወደ ትልቅ መኪና መሸጋገሪያ ደረጃ ተደርጎ መታየት የጀመረው ቆይቶ ነው።

በ1966 ሦስተኛውን ዋንጫ ለቴክኖ ያመጣችው ሱሳና ራጋኔሊ ናት፤ ሞተሯም እንደ ሳላ ፓሪላ ነው። ካሸነፈቻቸው መካከል ስዊድናዊው ሮኒ ፒተርሰን ይገኝበታል። ፒተርሰን ማለት በኋላ በፎርሙላ ዋን 10 ግራንድ ፕሪ ያሸነፈ፣ በ1971 እና በ1978 በዓለም ሻምፒዮናው ሁለተኛ የወጣ፣ በዘመኑ ከነበሩት ፈጣኖች ሁሉ ፈጣን ነው ተብሎ የሚነገርለት ሰው ነው። እርሷ ግን ካርት ላይ ቀድማዋለች። በአዋቂዎች ዋናው የዓለም ሻምፒዮና ከእርሷ በኋላ ያሸነፈች ሴት የለችም።

ይህን ስናገር «ክብደቷ ቀላል ስለሆነ ነው» የሚል ሰው አይጠፋም፤ ጓደኛዎ ባይሉት ሌላው ይለዋል። ክብደት መቅለል በቀጥታው መንገድ ላይ እንደሚረዳ አልክድም። ነገር ግን ሻሲውን የሚያጠማዝዘው አንዱ የነጂው ክብደት መሆኑን አይርሱ። ቀላል ነጂ ጎማውን ለማንሳት በአካሉ የበለጠ መሥራት፣ መሪውን በትክክለኛው ቅጽበት መስበር አለበት። ቅለት ስጦታ ብቻ ቢሆን ኖሮ እኛ ሠራተኞቹ ለቀላል ነጂዎች መቀመጫ ከፍ ስናደርግና ሻሲ ስናለዝብ ባልዋልን ነበር።

ሦስት ዓመት፣ ሦስት ዋንጫ። ወንድማማቾቹ ግን ዓይናቸው ወደ ላይ ነበር። ገና ካርት እያሸነፉ ሳሉ የዱካቲ 250 ሲሲ ሞተር የተገጠመላት ባለ አንድ መቀመጫ ትንሽ መኪና ሠሩ፤ ዱካቲም የቦሎኛ ልጅ ስለሆነ ሞተሩን ለማግኘት ሩቅ አልሄዱም። ከዚያ በ1966 ወደ ፎርሙላ 3 ገቡ። ያኔ ፎርሙላ 3 ማለት ባለ 1000 ሲሲ ሞተር ትንንሽ መኪናዎች በአሥራ ምናምን ሆነው እየተላለፉ የሚሮጡበት፣ አንዱ ከሌላው ጀርባ የንፋስ ከለላ እየፈለገ የሚነዳበት ውድድር ነው። ሜዳው የእንግሊዞች ነበር፤ ብራብሃምና ሎተስ የተባሉ ፋብሪካዎቻቸው ይነግሡበት ነበር።

የቴክኖ ፎርሙላ 3 መኪና ስትታይ ካርት ሠሪ እንደ ሠራት ታስታውቃለች። አጭር ናት፤ በፊትና በኋላ ጎማዎች መካከል ያለው ርቀት ከተፎካካሪዎቿ ያንሳል። ነጂው ወደፊት ተጠግቶ ይቀመጣል። አካሏ የተበየደ የብረት ቱቦ ነው፣ ጠንካራና ቀላል። አጭር መኪና በረጅም ቀጥታ ላይ ትቅበጠበጣለች፤ ጠባብ ኩርባ ላይ ግን እንደ ካርት ትገለበጣለች፣ ማለቴ አፍንጫዋን ቶሎ ታዞራለች። ስለዚህ በጠባብ መንገዶች የምትታወቀው ሞናኮ የቴክኖ አገር ሆነች። በ1968 የሞናኮን የፎርሙላ 3 ውድድር ፈረንሳዊው ዣን ፒዬር ዦሶ በቴክኖ አሸነፈ። በዚያው ዓመት እዚያው ሞናኮ ስዊዛዊው ክሌይ ሬጋዞኒ በሌላ ቴክኖ ከመንገድ ስቶ መኪናው ከብረት አጥሩ ሥር ሾለከች፤ ራሱን ዝቅ ባያደርግ ኖሮ ታሪኩ እዚያ ባለቀ ነበር። ምንም ሳይሆን ወጣ። በ1969 ደግሞ ሮኒ ፒተርሰን ሞናኮን አሸነፈ፤ በምን? በቴክኖ። ከሦስት ዓመት በፊት በቴክኖ ካርት የተሸነፈው ሰው ገንዘቡን ከፍሎ ቴክኖ ገዝቶ ነበር። አባቱ ዳቦ ጋጋሪ ነበሩ፤ ከቴክኖ በፊት የነዳትን መኪና ቤተሰቡ ከአንድ ወዳጅ ጋር ሆኖ በራሱ እጅ ነበር የሠራት። ፈረንሳዊው ነጂ ፍራንስዋ ሴቬርም የ1968ቱን የፈረንሳይ ፎርሙላ 3 ሻምፒዮና ያሸነፈው በቴክኖ ነው።

አንድ ማደናገሪያ ላጥራ። በቴክኖ ፎርሙላ 3 መኪናዎች ላይ የሚገጠመውን የፎርድ ሞተር የሚያዘጋጀው ኖቫሞተር የተባለ የኖቫራ ከተማ ድርጅት ነበር፤ ባለቤቶቹም ወንድማማቾች ናቸው፤ ስማቸውም ፔድራዛኒ ነው። ፔደርዛኒ ሻሲ፣ ፔድራዛኒ ሞተር። ይህን ያምታታ ጽሑፍ ስላጋጠመኝ ነው የማነሳው።

በ1970 ቴክኖ ከፍተኛው ጫፍ ላይ ደረሰ። ሬጋዞኒ በቴክኖ የአውሮፓ ፎርሙላ 2 ሻምፒዮን ሆነ፤ ሁለተኛ የወጣው እንግሊዛዊው ዴሪክ ቤል በብራብሃም ነበር። ሞተሩ የሁሉም ተወዳዳሪ የሚገዛው ባለ 1600 ሲሲ ፎርድ ኮስዎርዝ ነው። በዚያው ዓመት ሬጋዞኒ ለፌራሪ ነድቶ በሞንዛ የጣሊያንን ግራንድ ፕሪ አሸነፈ። ስለዚህ በ1970 መጨረሻ የፔደርዛኒዎች መኪና በአውሮፓ ከፎርሙላ ዋን በታች ባለው ከፍተኛ ውድድር አንደኛ ነው፤ ነጂያቸው የፌራሪ ጀግና ሆኗል። ፎርሙላ ዋን ካልገቡ መቼ ሊገቡ ነው?

እዚህ ላይ ቆም ብለው አንድ ነገር ያስተውሉ። እስካሁን ቴክኖ ያሸነፈባቸውን ሞተሮች ይቁጠሩ፦ ፓሪላ፣ ኖቫሞተር ያዘጋጀው ፎርድ፣ ኮስዎርዝ። አንዱም የራሱ አይደለም። ወንድማማቾቹ ሞተር ይገዙ ነበር፤ የሚሸጡት ብልሃት ሻሲ ነበር።

ለፎርሙላ ዋን ግን ሞተሩን ራሳቸው ሊሠሩ ቆረጡ። ያውም ባለ 12 ሲሊንደር፣ ሲሊንደሮቹ ግራና ቀኝ የተጋደሙ፣ ባለ 3 ሊትር፤ ፌራሪ በዚያው ዘመን ይሠራው የነበረውን ዓይነት። በጊዜው አብዛኞቹ የእንግሊዝ ቡድኖች ኮስዎርዝ ዲ.ኤፍ.ቪ. የተባለውን ባለ 8 ሲሊንደር ሞተር ከሱቅ እንደሚገዛ ዕቃ ገዝተው ይገጥሙት ነበር፤ ዋንጫም ይወስዱበት ነበር። ፌራሪ ባለ 12 ሲሊንደር ሞተር ሲሠራ ከኋላው የብዙ ዓመት ልምድ፣ የሞተር መሐንዲሶች ጭፍራና ከፊያት የሚመጣ ገንዘብ ነበረው። ቴክኖ ያለው የሻሲ ሰዎችና ድፍረት ነው።

ገንዘቡ የመጣው ከማርቲኒ ነው፤ መጠጥ አምራቹ ማርቲኒ ኤንድ ሮሲ። ማርቲኒ ተራ ስፖንሰር አልነበረም። በ1971 የሌ ማንን የ24 ሰዓት ውድድር ያሸነፈው ፖርሼ የማርቲኒን ቀለም የለበሰ ነበር፤ ስለዚህ ማሸነፍ ምን እንደሚመስል ያውቃል። የቡድኑ አመራርም በእንግሊዛዊው ዴቪድ ዮርክ በኩል በማርቲኒ እጅ ነበረበት። ነጂዎቹ ጣሊያናዊው ናኒ ጋሊና በ1970 በፎርሙላ 2 በቴክኖ የተሸነፈው ዴሪክ ቤል ሆኑ።

ቀይ የቴክኖ መኪና ለመጀመሪያ ጊዜ ግራንድ ፕሪ የተሰለፈችው በ1972 በቤልጅየም ኒቬል ነው። ጋሊ በውድድሩ መሐል ተሽከርክሮ ቆመ፤ ከኋላ የመጣ አንድ ፌራሪ ገጨው። ፌራሪውን የሚነዳው ማን እንደነበር ይገምታሉ? ክሌይ ሬጋዞኒ። ለቴክኖ የአውሮፓን ዋንጫ ያመጣ ሰው በቴክኖ የመጀመሪያ ግራንድ ፕሪ ላይ በቴክኖ ተሰናከለ። ልብ ወለድ ውስጥ ቢጽፉት አዘጋጁ ይሰርዘዋል።

የቀረው የ1972 ዘመን የሞተር መሰበርና ያለ ውጤት መመለስ ነው፤ ዝርዝሩ አድካሚ ስለሆነ አልፈዋለሁ። በዓመቱ የዓለም ሻምፒዮና ቴክኖ አንድም ነጥብ አላገኘም።

ለ1973 ኒው ዚላንዳዊው ክሪስ ኤመን መጣ። ኤመን በችሎታው ማንም የማይጠራጠረው፣ በዕድሉ ግን ሁሉም የሚያዝንለት ነጂ ነበር፤ አንድም የዓለም ሻምፒዮና ግራንድ ፕሪ ሳያሸንፍ ጡረታ ወጣ። እንዲህ ላለ ሰው ቴክኖ የተገባ መጠለያ አልነበረም። በዚህ ጊዜ በወንድማማቾቹና በማርቲኒ ሰዎች መካከል መተማመን ጠፍቶ ነበር፤ ጠቡ ደግሞ በወሬ ብቻ አልቀረም፣ በብረት ታየ። ፔደርዛኒዎች አዲስ ሻሲ ለኒው ዚላንዳዊው አለን ማኮል አሠሩ። የማርቲኒ ወገን በበኩሉ ሌላ ሻሲ ለእንግሊዛዊው ጎርደን ፋውል አሠራ። አንድ ቡድን፣ አንድ ነጂ፣ ሁለት ተፎካካሪ ሻሲ፤ በሁለቱም ላይ የሚገጠመው ያው የቦሎኛ ሞተር ነው።

የሻሲ ሰው ነኝ ብያለሁና ይህን ሳስበው ይከነክነኛል። በሻሲ ብልሃት ሦስት የዓለም ዋንጫና የአውሮፓ ሻምፒዮና የወሰደ ቤት፣ በመጨረሻው ዓመቱ ሻሲውን ለሌላ ሰው ሰጥቶ ሞተር ላይ ሙጭጭ አለ። የሚያውቀውን ለቀቀ፣ የማያውቀውን ያዘ።

ቡድኑ የዓመቱን የመጀመሪያ ውድድሮች ሳይደርስባቸው ቀረ። ኤመን ብቅ ያለው በግንቦት 1973 በቤልጅየም ዞልደር ነው። የዞልደር አስፋልት ከውድድሩ ትንሽ ቀደም ብሎ ታድሶ ነበር፤ ነገር ግን መኪናዎቹ ሲሮጡበት ተፈረካከሰ፣ ነጂዎቹ አንወዳደርም እስከ ማለት ደርሰው ነበር። በውድድሩ ብዙዎች እየተንሸራተቱ ከመንገድ ወጡ። ኤመን ግን ማኮል በሠራው ሻሲ እየታገለ ጨረሰ፤ ስድስተኛ ሆነ። ያኔ ስድስተኛ የወጣ አንድ ነጥብ ያገኛል። ቴክኖ በፎርሙላ ዋን ያገኘው ነጥብ ይኸው ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ቁልቁል ሄደ። የፋውል ሻሲ ለውድድር ሳይበቃ ቀረ። በነሐሴ በኦስትሪያ ኤመን ልምምድ አድርጎ ውድድሩን ሳይጀምር ቀረ፤ ከቡድኑም ወጣ። ቴክኖ ወደ ፎርሙላ ዋን አልተመለሰም። ማርቲኒ በዚያው ዓመት ፖርሼን ይዞ ታርጋ ፍሎሪዮ የተባለውን የሲሲሊ የመንገድ ውድድር አሸነፈ፤ በ1975 ደግሞ በብራብሃም በኩል ወደ ፎርሙላ ዋን ተመልሶ ገባ። እንግዲህ ገንዘቡ አላለቀም ነበር ማለት ነው፤ ያለቀው ትዕግሥቱ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄዎ ልምጣ፤ ትንሹን የተቆጣጠረ በትልቁ እንዴት ይዋረዳል? ብዙ ሰው «ካርት ሠሪ ምን ያውቅና» ብሎ ያልፈዋል። ይህ ትክክል አይመስለኝም። ካርት ሠሪነታቸው እስከ ፎርሙላ 2 ድረስ ጠቀማቸው እንጂ አልጎዳቸውም። ሞተር ሁሉም ተወዳዳሪ የሚገዛው ዕቃ በሆነበት ውድድር ልዩነቱን የሚያመጣው ሻሲ ነው፤ በዚያ ሜዳ ቴክኖን የሚስተካከለው ጥቂት ነበር። በ1972 ኮስዎርዝ ገዝተው በራሳቸው ሻሲ ላይ ገጥመው ቢሆን ኖሮ ሻምፒዮን ይሆኑ ነበር አልልም፤ በአንድ ነጥብ ግን አይመለሱም ነበር።

ሁለተኛው ምክንያት ንፋስ ነው። ፎርሙላ ዋን ከ1968 ጀምሮ ክንፍ ለብሷል። በ1972 መኪናውን መሬት ላይ የሚያጣብቀው ከሻሲው መጠማዘዝና ከአጭርነቱ ይልቅ ክንፉና የአካሉ ቅርጽ ሆኗል። የአጭር መኪና ቅልጥፍና፣ የቴክኖ ዋና መለያ፣ ዋጋው ወደቀ። ይህ በቴክኖ ላይ ብቻ የደረሰ አይደለም፤ በዓይንና በእጅ የሚሠሩ ብዙ ጥሩ ባለሙያዎች በዚያ ዘመን ወደ ኋላ ቀርተዋል። ለሁለቱ ምክንያቶች ሚዛን ስጥ ብባል ግን ሞተሩ ይበልጣል፤ ንፋሱን የሚያውቅ ሰው በገንዘብ ይቀጠራል፣ የራስ ሞተር ግን ዓመታትን ይበላል፣ ማርቲኒም ዓመታት ሊሰጣቸው አልፈለገም።

«ታዲያ ዛሬስ የካርት ፋብሪካዎች ይህን ይሞክራሉ?» ብለው መጠየቅዎ አይቀርምና አብሬ ልመልስ። አይሞክሩም። የዛሬዎቹ ትልልቅ ስሞች፣ በፕሬቫሌ ያለው ቶኒ ካርት፣ በሎናቶ ያለው ሲ.አር.ጂ.፣ በሊሶኔ የተወለደው ቢሬል፣ ሁሉም የሰሜን ጣሊያን ናቸው፤ ቴክኖ የተወውን የካርት ገበያ እነርሱ ወርሰውታል። ከፎርሙላ ዋን ጋር ያላቸው ግንኙነት ግን ሌላ ዓይነት ነው። መኪና ሠርተው አይገቡም፤ ነጂ አሳድገው ይልካሉ፣ ከዚያ የነጂውን ስም በካርታቸው ላይ ጽፈው ይሸጣሉ። ማክስ ቨርስታፐን በ2013 ባለ ካምቢዮውን ምድብ የዓለም ሻምፒዮና ያሸነፈው በሲ.አር.ጂ. ካርት ነው። ላንዶ ኖሪስ በ2014 የዓለም ሻምፒዮን ሲሆን የነዳው ካርት የፈርናንዶ አሎንሶን ስም የያዘ፣ ቶኒ ካርትን የሚሠራው ቤት የሚሠራው ነው፤ አሁን እዚያው ቤት በኖሪስ ስም የሚሠራ ካርትም አለ።